አያቴን ያስቀመጣት ዓይኗ ብቻ አይደለም

ሦስት ዓመት ሙሉ አያቴ አንዲት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ዋለች። ቦዲቲ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ከእንሰቱ አጠገብ። ጠዋት እጇን ይዘን እናወጣታለን፤ ፀሐይ ሲበረታ ወደ ጥላ እናዞራታለን፤ ማታ እጇን ይዘን እናስገባታለን። እንግዳ ሲመጣ “እንዴት ተንከባክባችኋታል! እግዜር ይስጣችሁ!” ይለናል። እኛም ደስ ይለናል። አሁን ግልጹን ልናገር፦ በእነዚያ ሦስት ዓመታት አያቴን አስረናት ነበር። ጥሩ ምግብ ያለው፣ ጠባቂዎቹ የሚወዷት እስር።

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። በመጀመሪያ በራሴ። ቀጥሎ በሕክምናው። ከዚያ ደግሞ በእናንተ፣ ማለትም እንደ እኔ ስልክ ላይ ተደፍተን የአዛውንት ቪዲዮ እያየን እንባችንን የምንጠርግ ሰዎች።

አያቴ በአንዱ ዓይኗ የዓይን ሞራ ነበረባት። በ2013 ዓ.ም. ተነሣላት። ቀዶ ሕክምናው ጥሩ ሆነ፣ ሐኪሞቹም ሥራቸውን ሠሩ። ግን ፋሻው ሲፈታ እልልታ አልነበረም። ከሞራው ኋላ ሌላ ነገር ተደብቆ ኖሯል፤ የሬቲናዋ መሀል፣ ያ ፊት ለይተን የምናውቅበት፣ ፊደል የምናነብበት፣ ክር መርፌ ውስጥ የምናስገባበት ቦታ፣ በዕድሜ ምክንያት ተጎድቷል። በሁለቱም ዓይኖቿ። ዳር ዳሩ ደህና ነው፣ መሀሉ ግን ጉም ነው። ወጣቱ ሐኪም በጎ ሰው ይመስል ነበር፤ ደጅ የተሰለፈው ሕዝብ ግን ብዙ ነው። “እማማ፣ ከዚህ በላይ አይስተካከልም። ምንም ማድረግ አይቻልም” አለና ቀጣዩን ሰው ጠራ። ሦስት ደቂቃም አልሞላ። ስሙንም ሆስፒታሉንም አልጠራም፤ የአንድ ሰው ጠባይ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጽሑፍ ባላስፈለገ።

ያቺን ዓረፍተ ነገር ለሁለት እንክፈላት። “ዓይኑ አይስተካከልም” የሚለው እውነት ነው፤ የሞተ የሬቲና ሴል ተመልሶ አይበቅልም። “ምንም ማድረግ አይቻልም” የሚለው ግን ውሸት ነው። ለማስተዛዘን የተባለ ሊሆን ይችላል፣ ከድካም የተባለ ሊሆን ይችላል፣ ግን ውሸት ነው። እግሩ የተቆረጠ ሰው ሆስፒታል ተኝቶ “እግርህ አይበቅልም፣ ስለዚህ ምንም ማድረግ አይቻልም፣ ቤትህ ሂድ” ቢባል ምን ትላላችሁ? ክራንች አለ፣ ሰው ሠራሽ እግር አለ፣ መራመድ የሚያስተምር ፊዚዮቴራፒስት አለ። ቁስሉን ከፈወሰ በኋላ ሰውየውን ወደ ኑሮው የሚመልስ ሌላ ሙያ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ተሐድሶ ይባላል። ለዓይንም አለ። የቀረውን እይታ እንዴት እንደሚጠቀሙበት፣ ቤቱን እንዴት እንደሚያስተካክሉት፣ በማይታየው ቦታ በእጅና በጆሮ እንዴት እንደሚሠሩ የሚያስተምር ሙያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 (እ.ኤ.አ.) ተሐድሶ የሁሉም የጤና ሥርዓት አካል እንዲሆን ጥሪ ሲያደርግ፣ ስለ እግርና ወገብ ብቻ አልነበረም የሚያወራው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በሐቀኝነት ልናገር፣ አለዚያ የሚቃወመኝ ሰው ቀድሞኝ ይናገረዋል። በ1998 ዓ.ም. ገደማ በአገራችን የተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ እይታው የቀነሰ መሆኑን አሳይቶ ነበር። እይታቸው ከቀነሰው ውስጥ 42.3 በመቶው በዓይን ሞራ፣ 33.4 በመቶው ደግሞ መነጽር በሚያስተካክለው ችግር ነበር። ስለዚህ ከአራቱ ሦስቱ የሚያስፈልጋቸው በትር ወይም ማጉያ ሳይሆን ቀዶ ሕክምና ወይም መነጽር ነው። ሴት አያታችሁ ወይም አባታችሁ ማየት ካቃታቸው መጀመሪያ አስመርምሯቸው፤ ሳያስመረምሩ “እርጅና ነው” ብሎ ማስቀመጥ የባሰ በደል ነው። ግላኮማ ከሆነም ጠብታው የጠፋውን ባይመልስ የቀረውን ያቆያል፤ “አልተሻለኝም” ብለው እንዳያቋርጡት።

እኔ የማወራው ስለ አራተኛው ሰው ነው። ሞራው ስለተነሣለት፣ መነጽር ስለተሰጠው፣ ጠብታው ስለታዘዘለት፣ ከዚያ በኋላም የማያይ ስለሆነው። ግላኮማ ጠርዙን የበላበት፣ ትራኮማ ብሌኑ ላይ ጠባሳ የተወበት፣ እንደ አያቴ መሀሉ የጠፋበት። ይህ ሰው ሁሉም ነገር ከተደረገለት በኋላ የሚገባበት በር የለውም። ለሕፃናቱ ቢያንስ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ፤ ሶዶ ላይ እንኳ ኦቶና አለ። በ70 ዓመቷ እይታዋን ያጣች ሴት ግን የት ትመዝገብ?

አማርኛችንም አላገዘንም። “ያያል” እና “አያይም” የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉን፤ በመሀል ያለውን “ጭላንጭል” ብለን እናልፈዋለን። ወላይትኛ የሚናገረው ሰፈራችንም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ውጤቱ ምን መሰላችሁ? አዛውንቱ ይጠረጠራሉ። ግላኮማ ያለበት ሰው በጠባብ ቀዳዳ እንደሚያይ ነው፤ መርፌ ከመሬት ያነሣል፣ አጠገቡ የቆመውን ጥጃ ግን ይገጫል። “ሲፈልግ ያያል!” ይባላል። አያቴ ደግሞ ግልባጩ ናት። መንገዱን ታውቃለች፣ ጉድጓዱን ትዘላለች፣ የሰው ፊት ግን አይታያትም። ስለዚህ ሰላምታ አትመልስም። ሰላምታ አለመመለስ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ አትጠይቁኝ። አርባ ዓመት አብረው ቡና የጠጡ ጎረቤቷ “ልጇ አዲስ አበባ ሥራ ያዘላትና ናቀችን” ብለው ቀሩ። አያቴም ምክንያቱን ሳታውቅ ብዙ ጊዜ ከፋት።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ፤ ሳስበው እንቅልፍ የሚነሣኝ ይሄ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው ወራት በኋላ አያቴ ስታናግረን ፊቷን ዞር ማድረግ ጀመረች። አጠገቧ ተቀምጬ ሳወራት ጆሮዬን፣ አንዳንዴ ከጭንቅላቴ በላይ ያለውን ግድግዳ ታያለች። እኔ ደግሞ ፊቷን በሁለት እጄ ይዤ ወደ እኔ አዞራታለሁ። “እዚህ ነኝ፣ እዚህ! እኔን እዪኝ!” እላታለሁ። አክስቴም ትቆጣታለች፤ “ሰው ሲያናግርሽ ለምን ትዞሪያለሽ?” ጃጀች ብለን በሹክሹክታ ተነጋግረን ነበር።

ከዓመታት በኋላ ስለ ጉዳዩ ማንበብ ስጀምር ያገኘሁት ይኸውላችሁ፦ የእይታው መሀል የጠፋበት ሰው ቀጥ ብሎ ካየ የሚያየው ጉሙን ነው። ትንሽ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ካየ ግን ነገሩ ደህና በሆነው የሬቲና ክፍል ላይ ያርፍና ይታየዋል። ሌላ አገር የተሐድሶ ባለሙያዎች ይህን ለሰዎች በሳምንታት ልምምድ ያስተምራሉ፤ የትኛው አቅጣጫ እንደሚሻል ይፈትሻሉ፣ በትልልቅ ፊደል ይጀምራሉ፣ በኋላ ፊት፣ በኋላ ንባብ። አያቴ ማንም ሳይነግራት ራሷ አግኝታው ነበር። ስትዞር እያየችኝ ነበር። እኔ ነኝ ፊቷን ይዤ ወደ ጉሙ የመለስኳት።

አንድ ሰው ብቻ፣ በዚያ ሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ “ዞር ስትል እንዳትከለክሏት” ቢለን ኖሮ! ስንት ብር ይፈጅ ነበር?

ሌላም አለ። አንድ ሰሞን አያቴ እንሰቱ ቅጠል ላይ ትንንሽ ልጆች፣ ቀለም ያለው ልብስ የለበሱ፣ ዝም ብለው ተቀምጠው እንደሚታዩአት ነገረችን። ደነገጥን። ሰዎች ተጠሩ፣ ተጸለየ። በጸሎቱ ቅሬታ የለኝም፤ አያቴ ጸሎት ትወዳለች፣ እጃቸውን ሲጭኑባትም ደስ ብሏት ነበር። የጎዳት ከዚያ በኋላ የመጣው ሹክሹክታ ነው። “ምን ገብቶባት ነው?” የሚለው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስለ ልጆቹ አንድም ቃል ተናግራ አታውቅም፤ እኛም “ዳነች” አልን። ነገሩ ግን ስም አለው። ቻርልስ ቦኔት የተባለ የስዊዝ የተፈጥሮ ተመራማሪ በ1760 (እ.ኤ.አ.) የ89 ዓመት አያቱ ያዩትን ጽፎ ነበር፤ እይታቸው የደከመው ሽማግሌ አእምሯቸው ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሰዎች፣ ወፎች፣ ሕንፃዎች ይታዩአቸው ነበር። ዓይን መላክ ያቆመውን ምስል አንጎል ከራሱ እየሳለ ይሞላዋል። እብደት አይደለም፣ መጃጀትም አይደለም። ብዙ ጊዜ ሰውን የሚያረጋጋው “ይህ ይታወቃል፣ ከዓይንዎ የተነሣ ነው” የሚለው ቃል ብቻ ነው። ያ አያት በ1760 የሚያዳምጠው የልጅ ልጅ አገኘ። የእኔዋ አያት ከ260 ዓመት በኋላ ቦዲቲ ላይ አላገኘችም፤ የልጅ ልጇ ስልክ ላይ ነበረች።

ስለ ፍቅራችን ደግሞ ላውራ። መጀመሪያ እሳት ከለከልናት፤ ትቃጠላለች ብለን። ከዚያ ቢላ። ከዚያ ገንዘብ፤ በመስከረም 2013 ብሩ ሲቀየርና 200 ብር ሲመጣ “አንቺ አታውቂውም፣ ያታልሉሻል” ተባለች። ከዚያ ገበያ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ብቻዋን መሄድ። መጨረሻ ላይ ሽንት ቤትም ሰው ሳይዛት እንዳትሄድ ሆነ፤ ስለዚህ ሰው እንዳታስቸግር ውኃ መጠጣት ቀነሰች። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው። አንዱም ውሳኔ በክፋት አልተወሰነም። አክስቴን “ትንሽ ሥራ ለምን አናስነካትም?” ስላት “ልጆች እያሏት? ሰው ምን ይለናል?” አለችኝ። እዚህ ጋ ነው ጨዋታው! አያቴን በርጩማ ላይ ያስቀመጥናት ሰው ምን ይለናል ብለን ነው። ክብር ብለን የጠራነው ነገር ለእኛ ስም እንጂ ለእሷ ኑሮ አልነበረም።

ሁለት ዓመት በሙሉ ቁጭ ያለ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? እግሩ ይሰንፋል። እግሩ የሰነፈ ሰው ሲነሣ ይወድቃል። ሲወድቅ “አየሽ! ተቀመጪ አላልንሽም?” ይባላል።

በ2016 ዓ.ም. ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ትርፍ ክፍል አንድ መምህር ተከራዩ። ዓይነ ስውር ናቸው፤ ምንም አያዩም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ቡና ጠርተናቸው አያቴ አጠገብ ተቀመጡና በወላይትኛ ያወሩ ጀመር። እኛ ሁልጊዜ የምንጠይቃት “ምን ሆነሽ ነው የማታዪው?” ነበር። እሳቸው “እማማ፣ ምን ምን ይታይዎታል?” አሏት። አያቴ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገረች። ሰማይና ጣራው የሚገናኙበት ይታየኛል። የነጭ ላም ጀርባ ይታየኛል። የእርስዎ ሸሚዝ ይታየኛል፣ ፊትዎ ግን የለም። ሦስት ዓመት ማንም ያልጠየቃትን የራሷን ካርታ ይዛ ኖራለች።

ከዚያ በኋላ የተደረገውን ስትሰሙ ትስቃላችሁ፣ በጣም ተራ ነው። የደጃፋችን ደረጃ ጠርዝ በኖራ ነጭ ተቀባ፤ ግራጫ ደረጃ ግራጫ መሬት ላይ ለእሷ ደረጃ አልነበረም። ከቤቱ እስከ ሽንት ቤቱ ገመድ ተወጠረ። ጎጆው ውስጥ ከምትቀመጥበት ኋላ፣ በትከሻዋ በኩል፣ የሚያበራ መብራት ተሰቀለ። የ60 ዓመት ሰው ሬቲና ላይ የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ላይ ከሚደርሰው አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ እኛ ለራሳችን ዓይን በቂ በሆነ አንድ አምፖል “ብርሃን አለ” እንላለን። መምህሩ ሲኒውን ጠርዙን በጣት ጫፍ እየዳሰሱ መቅዳት አሳዩአት። በነገራችን ላይ ጥቁር ቡና በነጭ ሲኒ ጥሩ ነው፣ ሲሞላ ይታያል። ያስቸገረን የቡና ቅጠሉ ነው፤ ቀለሙ ደብዛዛ፣ እኛ የምናቀርብበት ዋንጫም ደብዛዛ። በነጭ ኩባያ ቀየርነው። በቃ።

ገንዘቡን ማጠፍ አስተማሯት። 200ው ሁለት ጊዜ በቁመት ይታጠፋል፣ 100ው አንዴ በወርድ፣ 50ው ጥጉ ይታጠፋል፣ 10ሩ ዝርግ ይቀመጣል። ብሩ እጇ ሲገባ አንዴ የምታምነው ሰው ይነግራታል፣ ከዚያ ማጠፉ የሷ ነው። እኛንም አስተማሩን፤ ስንመራት ክንዷን ጨምድደን ከኋላ እንደምንገፋት ነበር። “እናንተ ክንዷን አትያዙ፣ እሷ የእናንተን ክንድ ከክርናችሁ ከፍ አድርጋ ትያዝ፤ ግማሽ እርምጃ ቅደሟት። ስትወርዱ ታውቃለች፣ ስትወጡ ታውቃለች” አሉ። የመጀመሪያ ቀን ስንሄድ ወደ ፊት ዘንበል ማለቷ ቀረ። ቀና ብላ ሄደች።

ነጭ በትር ላይ ግን ተጣሉ። አያቴ “ምርኩዝ አለኝ” አለች። መምህሩ ምርኩዝ መደገፊያ፣ ነጭ በትር መዳሰሻ ነው ብለው ሞገቱ። እስካሁን አልተስማሙም፤ እሷ ምርኩዟን ነጭ ቀለም ቀብታው ትይዛለች። ሁለቱም አሸናፊ ነን ይላሉ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ይህ ሁሉ እውቀት አገራችን ውስጥ ነበረ። ሶዶ ነበረ፣ ሰበታ ነበረ፣ ሻሸመኔ ነበረ፤ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች ለአሥርት ዓመታት ልጆችን ሲያስተምሩበት የኖሩት ነገር ነው። ከእነዚያ ትምህርት ቤቶች ወጥተው ዲግሪ ይዘው ሥራ የሚፈልጉ ዓይነ ስውራን ወጣቶች አሉ። በሌላ ወገን ደግሞ በርጩማ ላይ የተቀመጡ አዛውንቶች አሉ። ሁለቱን ያገናኘው ምንድን ነው? በእኛ ግቢ የቤት ኪራይ! አያቴ የዳነችው ርካሽ ክፍል ስለነበረን ነው። ይህ የጤና ሥርዓት ነው ትሉኛላችሁ?

“አገሪቱ ድሃ ናት፣ መጀመሪያ ሞራው ይነሣ፣ ይሄ የቅንጦት ነው” የሚሉ አሉ። ይህን ክርክር አከብረዋለሁ፣ ምክንያቱም ግማሹ ልክ ነው። የሞራ ቀዶ ሕክምና በአጭር ጊዜ ሰውን ከጨለማ ያወጣል፤ አንድ ብር ካለችኝ እኔም መጀመሪያ እዚያ ላይ አውላታለሁ። ግን የትኛው ላይ ነው ቅንጦቱ? ኖራው? ገመዱ? ነጩ ኩባያ? አንድ ነርስ ለቤተሰቡ የምትሰጠው የሃያ ደቂቃ ማብራሪያ? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በ1990ዎቹ አጋማሽ ሥራ ሲጀምሩ “በየቤቱ የሚሄድ ባለሙያ ለድሃ አገር አይሆንም” ያለ ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ ያፍር ነበር። የእኛ ሰፈር ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጎበዝ ልጅ ናት። ግቢያችን ስትመጣ የእህቴን ልጅ ክትባት ታያለች፣ ሽንት ቤቱን ታያለች፣ በበርጩማዋ አጠገብ “እማማ ደህና ዋሉ” ብላ ታልፋለች። ስለ አያቴ ምን እንደምትጠይቅ ያስተማራት የለም። ለእሷ ስልጠና ሁለት ቀን ይበቃል።

ደግሞ ይሄ ልመና አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ያዛል። ሁለቱም እዚያው አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አሉ። አያቴ ሁለቱንም ናት። በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አንቀጽ 26 ላይ ተሐድሶ በተቻለ ፍጥነት እንዲጀመር፣ ገጠርን ጨምሮ ሰዎች ለሚኖሩበት ቦታ ቅርብ እንዲሆን ይላል። አሁን የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አስተዳደር መቀመጫ ሶዶ ነው። ከቦዲቲ በሚኒባስ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል፤ “አቅሙ በፈቀደ መጠን” የሚለው እስከ ኖራ ድረስ አይደርስም ወይ?

“በዚህ ዕድሜዋ ምን ትማራለች?” ለሚለው ደግሞ ታሪክ ላውራ። አያቴ እስከ ሠላሳ ዓመቷ ፊደል አታውቅም ነበር። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ በ15 ቋንቋዎች ይሰጥ ነበር፣ አንዱ ወላይትኛ ነው። ያኔ የነበረው መንግሥት ምን እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፣ የደርግን ገድል ልጽፍ አልተቀመጥኩም። ግን ያ ዘመቻ ልጅ ያዘለችውን የቦዲቲ ሴት “አንቺም ትማሪያለሽ” አላት። ሽማግሌዎችም ከልጆቻቸው ጋር ተቀመጡ። እሷም በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ወላይትኛ ማንበብ ቻለች። እኛ የልጅ ልጆቿ ወላይትኛን በላቲን ነው የተማርነው፤ ያቺን የድሮ ፊደል ያላት አዲስ ኪዳን ቤት ውስጥ እንደ እሷ አቀላጥፎ የሚያነብ የለም። መሀል እይታዋ ሲጠፋ የጠፋው ያ ንባብ ነው፤ እኛ ደግሞ በምትኩ ሬዲዮ ገዝተን ሰጠናት።

ያኔ ያላየችውን ፊደል እንድታይ የተመከረች ሴት፣ አሁን የምታውቀውን ፊደል እንደገና እንድታይ የሚረዳት አጣች። ማጉያ መነጽር ያገኘነው አዲስ አበባ ነው፣ በብዙ መንከራተት፣ የትኛው ኃይል እንደሚሆናት የሚለካልን ሳይኖር። የመጀመሪያው አልሆነም፤ ደካማ ነበር። ሁለተኛው ጠንካራ ነበር፣ ግን እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ፊደሉ ይሸሻታል። ሦስተኛው እግር ያለው፣ ገጹ ላይ የሚቀመጥ ነው። ይህን አንድ የሠለጠነ ኦፕቶሜትሪስት በግማሽ ሰዓት ይወስነው ነበር። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦፕቶሜትሪስቶችን ያስመርቃል፤ ከምርመራ በኋላ እንዲህ ዓይነቱን ሥራ የሚሠሩበት ክፍልና መሣሪያ ግን በየሆስፒታሉ ካልተሰጣቸው መነጽር ቁጥር ለክተው ይቀራሉ።

አሁን በቀን ሦስት አራት ቁጥር ታነባለች። ፊቷን ትንሽ ወደ ግራ አዙራ፣ በጣቷ መስመሩን ይዛ። ትደክማለች፤ ከሩብ ሰዓት በላይ አትችልም። ዓይኗ አልዳነም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው የተአምር ታሪክ አድርጋችሁ ሼር እንዳታደርጉት ነው።

ምክንያቱም እኛ ተአምር ነው የምንወደው። ፋሻው ሲፈታ፣ አዛውንቷ ስትጮኽ፣ ልጅ ስታቅፍ፣ ሙዚቃው ሲገባ። እኔም አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም። እነዚያ ቀዶ ሕክምናዎች ትልቅ ነገር ናቸው። ግን ካሜራው የሚሠራው ለአንድ ደቂቃ ነው፤ እርዳታውም ሪፖርቱም የካሜራውን ዓይን ይከተላል። ስንት ዓይን ተቀደደ ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ ስንቱ ሰው ራሱ ቡና ቀዳ፣ ስንቱ ገበያ ሄደ የሚል ሠንጠረዥ አላየሁም። አንዲት አሮጊት ሦስት ሳምንት ሙሉ ብር ማጠፍ ስትለማመድ፣ ስትሳሳት፣ ስትበሳጭ የሚያሳይ ቪዲዮ ማን ያያል? ከዚያ ደግሞ ገንዘብ ማሰባሰቢያው ይመጣል፦ “ዓይነ ስውር እናታችንን እንርዳ።” ፍራሽ ይገዛል፣ ዘይት ይገዛል፣ ፎቶ ይነሣል። ያቺ እናት ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ትቀራለች። ለገንዘብ ሰብሳቢዎቹ አንድ ልመና አለኝ፤ ዘይቱን ስጡ፣ ግን ከመነሣታችሁ በፊት ያንን የመምህሩን ጥያቄ ጠይቋት።

ሐኪሞቹንም የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። “ምንም ማድረግ አይቻልም” የሚለውን ከአፋችሁ አውጡት። “እኔ የምችለው እዚህ ድረስ ነው፣ ቀጣዩን እገሊት ታሳይሻለች” በሉ። እገሊት ከሌለች ደግሞ እንድትቀጠር እናንተ ጩኹ፤ አለቃ የሚሰማው እናንተን ነው፣ አያቴን አይደለም።

ከጎረቤቷ ጋር ግን እስካሁን አልታረቁም። አያቴ አሁን የእግር ኮቴ ስትሰማ ቀድማ “ማን ነው? ዓይኔ ፊት አይለይም፣ ስምሽን ንገሪኝ” ትላለች። ይህንንም ያስተማሯት መምህሩ ናቸው። ሌሎቹ ይመልሱላታል። ጎረቤቷ ዝም ብለው ያልፋሉ። በኮቴያቸው እንደምታውቃቸው አያውቁም።

ለኅዳር የዓይን ቀጠሮ አለን። ለሐኪሙ የሚጠየቀውን ወረቀት ላይ ጽፌ ሳነብላት ሰምታ ሰምታ “አንቺ ዝም በይ፣ እኔ እጠይቀዋለሁ” አለችኝ። ያኔ እንዳለው “ምንም ማድረግ አይቻልም” ቢልሽስ ስላት መልስ አላት። ለእኔ ግን አልነገረችኝም። የሚኒባሱን ሂሳብም እሷ ትከፍላለች፤ ሁለት 100 ብር፣ አንዴ በወርድ የታጠፈ፣ አዲስ ኪዳኑ ውስጥ አስቀምጣለች።